አተላው ላይ ስንት ወር ተኛ? የጣልያን ‹ሜቶዶ ክላሲኮ› ወይን አሠራር፣ ሕጉና አከፋፈቱ

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ መደርደሪያ ላይ ቡሹ በሽቦ የታሰረ ጠርሙስ ሁሉ «ሻምፓኝ» ይባላል። ሻምፓኝ ግን የፈረንሳይ አንድ አውራጃ ስም ነው፤ ሌላ ቦታ የተሠራ ወይን በዚህ ስም አይጠራም። ከጎኑ የተደረደሩት የጣልያን ጠርሙሶች የራሳቸው ስም፣ የራሳቸው አሠራርና የራሳቸው ሕግ አላቸው። ዋጋቸውም አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ ይለያያል፤ ለምን እንደሚለያይ ሳያውቁ መግዛት ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጋዙ ከየት እንደመጣ ነው። ርካሹ መንገድ እንደ ለስላሳ መጠጥ ጋዝ መንፋት ነው። ሁለተኛው፣ ያለቀለትን ወይን ትልቅ የተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ስኳርና እርሾ ጨምሮ እንደገና ማፍላት ነው፤ ፕሮሴኮ በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ዘዴውንም ጣልያናዊው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ በ1895 አስመዝግቦታል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስተኛው ሜቶዶ ክላሲኮ ነው። በዚህኛው እያንዳንዱ ጠርሙስ ለብቻው ይፈላል፣ እዚያው አተላው ላይ ወራት ይተኛል፣ አተላውም የሚወጣው ከዚያው ጠርሙስ ነው።

እኛ ዘንድ አተላ ለከብት የሚደፋ ነገር ነው። በሜቶዶ ክላሲኮ ግን ከምትከፍሉት ብር ትልቁ ድርሻ የአተላው ነው፤ ወይኑ ከሞተው እርሾ ጋር የቆየበት ጊዜ ጣዕሙንም፣ አረፋውንም፣ ሕጋዊ ማዕረጉንም ይወስናል።

ከማሳው እስከ መጭመቂያው

በዚህ ዘዴ ስማቸው የታወቀ የጣልያን አካባቢዎች ሦስት ናቸው ብሎ መጀመር ይቻላል። ፍራንቻኮርታ በሎምባርዲያ ክልል፣ ብሬሻ አውራጃ፣ ከኢዜኦ ሐይቅ በስተደቡብ ያለ ኮረብታማ ቦታ ነው። አፈሩን ጥንታዊ የበረዶ ግግር ገፍቶ ያመጣው ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ሙቀቱንም ብርዱንም ያለዝበዋል። ትሬንቶ ከዚያ በሰሜን ምሥራቅ፣ ተራራ ሥር ያለ ነው፤ ጁሊዮ ፌራሪ በ1902 የጀመረው ሥራ አካባቢውን አስጠርቶታል። አልታ ላንጋ በፒዬሞንቴ ክልል ነው፤ እዚያ ማሳው ከባህር ጠለል በላይ ከ250 ሜትር ማነስ የለበትም። ኦልትሬፖ ፓቬዜም አለ፤ እሱ ፒኖ ኔሮ የሚባለው ጥቁር ፍሬ አገር ነው።

ዋናዎቹ የወይን ዓይነቶች ነጩ ሻርዶኔና ጥቁሩ ፒኖ ኔሮ ናቸው። ፍራንቻኮርታ ውስጥ ፒኖ ቢያንኮ እስከ 50 በመቶ፣ ኤርባማት የሚባለው የአካባቢው ጥንታዊ ዝርያ ደግሞ እስከ 10 በመቶ ይፈቀዳል። ኤርባማት ዘግይቶ የሚበስልና ጎምዛዛነቱን የማይለቅ ስለሆነ፣ በጋው እየከረረ በሄደበት በዚህ ዘመን አምራቾቹ ተስፋ ጥለውበታል።

ለቀማው የሚጀመረው ቀደም ብሎ፣ ፍራንቻኮርታ ላይ ብዙ ጊዜ ነሐሴ ውስጥ ነው። ፍሬው ለመብላት ገና ጎምዛዛ እያለ ይቆረጣል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፤ የመጀመሪያው ወይን አልኮሉ ከ9.5 እስከ 11 በመቶ ሆኖ መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም ሁለተኛው መፍላት ሌላ 1.2 እስከ 1.4 ይጨምርበታል። ለቀማው ከዘገየ ስኳሩ ይጨምራል፣ ጎምዛዛነቱ ይወርዳል፣ የመጀመሪያው ወይን 12 ወይም 13 ይደርሳል። ያኔ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው እርሾ አልኮሉን መቋቋም ያቅተውና ሥራውን መሀል ላይ ያቆማል፤ የሚወጣው ወይን ጋዙ ያነሰ፣ ያልተበላ ስኳር የቀረበት፣ ሲጠጡት የሚከብድ ነው። ባቱ (ዝዋይ) ላይ ያለ ወይን ለዚህ ዓይነት መጠጥ ይሁን ቢባል ዋናው ፈተና ይህ ነበር የሚሆነው፤ እዚያ ተክሉን የሚያስተኛ ብርዳማ ወቅት የለም፣ ፀሐዩም ስኳሩን ያፈጥነዋል።

የፍራንቻኮርታ ሕግ ለቀማው በእጅ እንዲሆን ያስገድዳል። ዘለላው ሳይፈርጥ ጥልቀት በሌለው ሣጥን ተደርድሮ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል፣ እንዳለም ከነግንዱ ይጨመቃል። ፍሬው መንገድ ላይ ከፈረጠ ጭማቂው አየር አግኝቶ ይጠቁራል፤ ፒኖ ኔሮ ከሆነም የቆዳው ቀለም ይገባበታል፣ ነጭ ወይን ልታወጡ አስባችሁ ሐምራዊ ታገኛላችሁ። ጭመቃው ዝግ ያለና ደረጃ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ የሚወርደው ጭማቂ ምርጡ ስለሆነ ለብቻው ይያዛል። ከ1 ኩንታል ፍሬ ከ65 ሊትር በላይ ወይን ማውጣት አይፈቀድም፤ ያ ወደ 86 ጠርሙስ ነው። አጥብቆ ከጨመቁት የበለጠ ይወጣል፣ ግን መራራ ነው።

ጭማቂው በብርድ አድሮ ይጠልላል፣ ከዚያ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይፈላል። የሚገኘው ወይን ቀጭን፣ ጎምዛዛ፣ ብቻውን ቢጠጣ ማንም የማይወደው ነው። እንደዚያ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። የአውሮፓው ጸደይ ሲመጣ የየማሳው ወይን እየተቀመሰ ይደባለቃል። ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ወይኑ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ከራሱ የሚወጣው ጨው መሰል ብናኝ መራገፍ አለበት፤ ይህ ከተዘለለ ብናኙ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ይወጣና ሲከፈት ግማሹ ወይን እንደ ምንጭ ፈልቆ መሬት ይፈስሳል።

ስኳሩና ጥንስሱ

ጣልያኖች ቲራጆ የሚሉት ሥራ የሁሉም ልብ ነው። ለ1 ሊትር ወይን 24 ግራም ያህል ስኳር ይጨመራል። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 18 ግራም ማለት ነው፣ አራት የሻይ ማንኪያ ተኩል ገደማ። በሊትር 4 ግራም ስኳር ወደ 1 ባር ግፊት ስለሚሰጥ 24 ግራሙ 6 ባር ያመጣል። ጎሚስታ ለቤት መኪና ጎማ የሚሞላው 2 ባር ተኩል ቢሆን ነው።

እርሾው እንደ ደረቀ ከፓኬት ወጥቶ አይጨመርም። አልኮል ያለበት፣ ጎምዛዛና ቀዝቃዛ ወይን ውስጥ በአንዴ ቢጣል ይሞታል። ስለዚህ ይጠነሰሳል፦ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና ስኳር ይነቃል፣ ከዚያ ለሦስት እስከ አምስት ቀን ወይኑ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረበት አልኮሉን ይለምዳል። ጥንስሱ አረፋ እየደፈቀ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሚሊዮን የሚቆጠር ሕያው ሕዋስ ይዞ፣ ከጠቅላላው ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ሆኖ ይቀላቀላል። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም፤ ጥንስሱ ከደከመ የቀረው ሁሉ ይደክማል። ትንሽ ቤንቶናይት፣ ማለትም እጅግ የላመ ሸክላ አፈር፣ አብሮ ይገባል፤ ሥራው በኋላ አተላው ጠርሙሱ ላይ ሳይለጠፍ ተያይዞ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ማማሰሉ ላይ ነው። ስኳሩ ከባድ ስለሆነ ጋኑ ካልተማሰለ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ እርሾውም እንዲሁ። ከሥር የተቀዳው ጠርሙስ ከልክ በላይ ስኳር ይዞ ይፈነዳል፣ ከላይ የተቀዳው ደግሞ ጋዝ ሳይኖረው ይቀራል፣ ሁለቱም ከአንድ ጋን ወጥተው። ስለዚህ ቅጂው እስኪያልቅ ማማሰሉ አይቆምም።

ጠርሙሱ የሚዘጋው በቡሽ ሳይሆን እንደ ቢራ በቆርኪ ነው፤ ከቆርኪው ሥር አተላውን የምትይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ጽዋ አለች። ከዚያ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ምድር ቤት ውስጥ ተጋድሞ ይደረደራል። በዚህ ብርድ መፍላቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ቀስ ማለቱም ነው አረፋውን የሚያደቅቀው።

ቤት ውስጥ ጠጅ ወይም ወይን እየጣሉ በዚህ መንገድ ለመሞከር የሚያስቡ ካሉ፣ ይህን አትሞክሩ። የቢራ ጠርሙስ ለ6 ባር አልተሠራም። የሜቶዶ ክላሲኮ ባዶ ጠርሙስ ብቻውን ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል፣ እሱም ቢሆን አንዴ ተጠቅመው ከጫሩት አይታመንም። የፈነዳ ጠርሙስ ስባሪ ዓይን ያጠፋል።

እንቅልፉ

ስኳሩን በልቶ የጨረሰ እርሾ ይሞትና ከጠርሙሱ ጎን ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይተኛል። ከወራት በኋላ የሕዋሱ ግድግዳ እየፈረሰ ውስጡ ያለው ወደ ወይኑ ይገባል። ጠዋት ዳቦ ቤት በር ላይ ስታልፉ የሚያውዳችሁ ጠረን፣ የተጠበሰ ለውዝ፣ ምላስ ላይ እንደ ክሬም የሚለሰልሰው ነገር፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። አተላው የሾለከ ኦክስጅንም እየበላ ወይኑን ከእርጅና ይጠብቃል። ለዚህ ነው ዓመታት ተኝቶ ትናንት የተሠራ የሚመስለው።

ሕጉም ይህን እንቅልፍ በወር ይቆጥራል። የአውሮፓ ኅብረት ለማንኛውም ባህላዊ ዘዴ የሚጠይቀው ቢያንስ 9 ወር ነው። ትሬንቶ 15 ወር ይላል፤ የአንድ ዓመት ምርት (ሚሌዚማቶ) ከሆነ 24፣ ሪዜርቫ (ከሁሉም ረዝሞ የሚተኛው) ከሆነ 36። ፍራንቻኮርታ ከ18 ይጀምራል፤ ሳቴንና ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው) 24፣ ሚሌዚማቶ 30፣ ሪዜርቫ 60 ወር ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ። አልታ ላንጋ ሁሉም የአንድ ዓመት ምርት ነው፣ ከ30 ወር በታች አይሸጥም፣ ሪዜርቫው 36 ነው። እነዚህ ትንሹ ገደብ ናቸው፤ ጥሩ አምራች ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ሳቴን ትንሽ ማብራሪያ ይገባዋል። የፍራንቻኮርታ ብቻ የሆነ ስያሜ ነው፤ የሚሠራው ከነጭ ፍሬ ብቻ፣ ግፊቱም ከ5 ባር እንዳያልፍ ስኳሩ ተቀንሶ ነው። አረፋው ምላስ አይወጋም። ጋዝ የሚያስቸግራቸው እንግዶች ካሏችሁ ከዚህ ጀምሩ። ሮዜው ደግሞ ቢያንስ 35 በመቶ ፒኖ ኔሮ አለው።

ፍራንቻኮርታ አረፋማ ወይን የጀመረው በ1961 ነው፣ በጉይዶ በርሉኪ መጋዘን፣ በወይን ባለሙያው ፍራንኮ ዚሊያኒ እጅ። በ1967 ዲኦሲ የሚባለውን የአካባቢን ስም የሚጠብቅ ሕጋዊ ማዕረግ፣ በ1995 ደግሞ ከፍተኛውን ማዕረግ ዲኦሲጂ አገኘ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ እዚያ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ትሬንቶ በ1993 ዲኦሲ፣ አልታ ላንጋ በ2011 ዲኦሲጂ ሆነዋል።

አተላው እንዴት ይወጣል?

ጠርሙሶቹ አንገታቸውን ወደ ታች አድርገው ቀዳዳ ባለው ዘንበል ያለ እንጨት ላይ ይሰካሉ። ሠራተኛው በየቀኑ እያንዳንዱን ነቅነቅ አድርጎ አንድ ስምንተኛ ዙር ያዞረዋል፣ ትንሽም ቀና ያደርገዋል። መብራት ፊት ይዛችሁ ብታዩት ነጩ ደለል ከሆዱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ አንገቱ እየተንሸራተተ ሲወርድ ይታያል፣ ከኋላው ወይኑ እንደ ብርጭቆ ይጠራል። በእጅ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ 504 ጠርሙስ በአንዴ የሚያዞረው ማሽን በሳምንት ገደማ ይጨርሰዋል፣ በጣዕም ልዩነት የለውም። ደለሉ ጎኑ ላይ ተለጥፎ አልወርድ ካለ ጠርሙሱ ተመትቶ፣ ተበጥብጦ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

ከዚያ አንገቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። አተላው በበረዶ ቁራጭ ውስጥ ይያዛል፣ ጠርሙሱ ይቆማል፣ ቆርኪው ሲነሣ ግፊቱ በረዶውን ተኩሶ ያወጣዋል። የጎደለው በሌላ ወይን፣ አንዳንዴም ስኳር በተጨመረበት፣ ይሞላል። የስኳሩ መጠን ነው ሌብሉ ላይ የምታነቡት፦ በሊትር ከ3 ግራም በታችና ምንም ያልተጨመረበት ዶዛጆ ዜሮ ወይም ፓ ዶዜ፣ እስከ 6 ኤክስትራ ብሩት፣ ከ12 በታች ብሩት፣ ከ12 እስከ 17 ኤክስትራ ድራይ፣ ከዚያ በላይ ድራይና ዴሚ ሴክ እያለ ይሄዳል። ኤክስትራ ድራይ የሚለው ስም ያሳስታል፤ ከብሩት ይጣፍጣል።

ስትገዙ

የፍራንቻኮርታ ሌብል «ስፑማንቴ» (አረፋማ ወይን) አይልም፤ ስሙ ብቻውን ይበቃል። በሌሎቹ ላይ «ሜቶዶ ክላሲኮ» የሚለውን ፈልጉ። ዲኦሲጂ የሆነ ጠርሙስ አንገቱ ወይም ቡሹ ላይ ተከታታይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከሌለ ወይም ከተቀደደ አትግዙ። ዓመት ከተጻፈበት ቢያንስ 85 በመቶው የዚያ ዓመት ፍሬ ነው። ብዙ አምራቾች ከኋላ «ስቦካቱራ» ብለው አተላው የወጣበትን ቀን ይጽፋሉ፤ ይህ ቀን ወርቅ ነው። ከአተላው የተለየ ወይን ጠባቂውን አጥቷል፤ ተራ ብሩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢጠጣ ይመረጣል።

ቸርችል ጎዳና ላይ መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ፣ በተለይ ነጣ ያለ ጠርሙስ፣ ቢረክስም ተዉት። ብርሃን ወይኑን ያበላሸዋል፣ ሲከፈት የበሰለ ጎመን ይሸታል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ደግሞ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ሁለቱንም ምንም አያድናቸውም።

አዲስ አበባ ላይ መክፈት

ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስላለች የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጋዝ በባህር ጠለል ወደ 5 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ እዚህ ሲለቀቅ ከ6 ሊትር ያልፋል። ስለዚህ አረፋው ይበዛል፣ ቡሹም ይቸኩላል። መፍትሔው ብርድና ትዕግሥት ነው።

ከ6 እስከ 8 ዲግሪ አቀዝቅዙት። ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያስፈልገዋል። መብራት ከጠፋ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውሃ አድርጋችሁ እስከ አንገቱ ንከሩት፤ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፣ አንድ እፍኝ ጨው ቢጨመር ደግሞ ይፈጥናል። በረዶ ብቻውን ውሃ ከሌለው ጠርሙሱን በደንብ አይነካውም። ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁት እንዳትሄዱ፤ ይፈነዳል።

ጠርሙሱን በፎጣ አድርቁ። ወረቀቱን ከላጣችሁበት ደቂቃ ጀምሮ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሣ። ሽቦውን ስድስት ግማሽ ዙር ፍቱት፣ ግን አታውልቁት፤ ቡሹን ለመጨበጥ ይረዳል። ጠርሙሱን 45 ዲግሪ አጋድሙት፣ አፉን ወደ ሰውም ወደ አምፖልም አታዙሩ። አንድ እጅ ቡሹን አጥብቆ ይዞ ይቁም፣ ሌላው ከሥር ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ያዙር። ቡሹ መግፋት ሲጀምር እናንተ ወደ ውስጥ መልሳችሁ ግፉት፣ በአንድ ጎን ትንሽ አጋድሙት፣ ጋዙ በትንፋሽ ድምፅ ይውጣ። በሠርግና በአዲስ ዓመት ነቅንቆ ማፈንዳት የተለመደ ነው፤ ግን ሦስት ዓመት የተጠበቀ ወይን ግድግዳ ላይ መርጨት ነው፣ ቡሹም ዓይን ያጠፋል።

ብርጭቆው የሳሙና ወይም የዘይት ቅሪት ካለበት አረፋው ወዲያው ይሞታል፤ በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ አንጠፍጥፉት። ጠባቡ ረጅም ብርጭቆ አረፋውን ያሳያል፣ ሆዱ ሰፋ ያለው ግን ጠረኑን ያሳያል፤ ለሪዜርቫ ሁለተኛውን እንመርጣለን። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ቅዱ፣ አረፋው እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ሙሉት።

ከምግብ ጋር ከሆነ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሳምቡሳ ለብሩት የተፈጠሩ ናቸው፣ ጎምዛዛነቱ ዘይቱን ይጠርገዋል። ለብ ያለ ክትፎ ከአይብ ጋር ከኤክስትራ ብሩት ይስማማል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን ጋዙ በርበሬውን ያባብሰዋል፤ እዚያ ሳቴን ወይም ትንሽ የሚጣፍጠውን አቅርቡ።

ለሠርግ ስትቆጥሩ አንድ ጠርሙስ በአንድ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ቢሰላ ሰባት ይደርሳል፤ እዚህ ከፍታ ላይ አረፋ ስለሚያፈስስ ስድስት ብላችሁ ያዙ። ለ200 እንግዳ 34 ጠርሙስ፣ ከዚያ ላይ ቡሹ የተበላሸ ቢገኝ ሁለት መጠባበቂያ። የተረፈውን በሚቆለፍ መክደኛ ዝጉና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ፣ በማግሥቱ ይጠጣል። አንገቱ ላይ ማንኪያ ማንጠልጠል ግን ጋዙን አይዘውም።